የደረባ ሙሽሮች ጌጥ

በ፲፱፻፺፱ ዓ.ም. ሰኔ ሲጋመስ፥ ከዓባይ በረሃ የተነሣው ደመና የወምበርማን ሜዳ አልፎ በቡሬ ከተማ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ዝናቡ ግን ገና አልወረደም፤ ገበያተኛውም ሰማይ ሰማዩን እያየ ይጣደፍ ነበር። በዚያ ዓመት በርበሬ ዋጋ አውጥቷል። ከዚያ በፊት ከግብርና ከማዳበሪያ የሚተርፍ ገንዘብ በእጁ ይዞ የማያውቀው ገበሬ፥ ጆንያውን አራግፎ ከሸጠ በኋላ ወደ አውራ ጎዳናው ወጥቶ በሱቅ መስተዋት ውስጥ የሚያብለጨልጨውን ሁሉ ቆሞ ማየት ጀመረ፤ ነጋዴውም ይህን ተመልክቶ ከአዲስ አበባ ሐብልና ጉትቻ፥ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ያስመጣ ጀመር። ሁለት ሺህኛው ዓመተ ምሕረት በደጅ ነበርና፥ ከዞኑ መዲና ከፍኖተ ሰላም እስከ ገጠር ቀበሌው ድረስ ለበዓሉ ስብሰባ የማይጠራበት፥ ሰንደቅ ዓላማ የማይሰፋበት ሳምንት አልነበረም፤ ሰው ሁሉ አዲሱን ሺህ ዓመት በአዲስ ነገር መቀበልን ተመኘ።

በዚያ ሕዝብ መካከል ሁለት ሰዎች ከሽንዲ ከመጣ የጭነት መኪና ወርደው፥ አቧራቸውን አራግፈው ወደ አንድ ጌጣጌጥ ቤት አመሩ። አንደኛዋ በሽንዲ አካባቢ በምትገኘው በደረባ ማርያም የሴቶች ማኅበር መሪ የነበረችው ወይዘሮ በለጠች ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ራሷ ታሳርሳለች፤ ቀጭን፥ ዓይነ ፈጣን፥ የማታውቀውን ነገር ሳትጠይቅ ማለፍ የማይሆንላት ሴት ነበረች። ሁለተኛው የደብሩ የቅኔ መምህር መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ ማኅበሩ ገንዘቡን ለበለጠች ሲሰጥ እርሳቸውን ምስክር አድርጎ አብሯት ልኳቸዋል።

የነገሩ መነሻ ያለፈው ጥር ሰርግ ነው። አንዲት የድኻ ልጅ ስትዳር፥ እናቷ በአገሩ ባለጸጋ ከነበሩት ከወይዘሮ ሀብትነሽ የወርቅ ሐብል ተውሳ ለልጇ አሰረችላት። በሰርጉ መካከል ግን ወይዘሮ ሀብትነሽ በመቀመጫ ምክንያት ከሙሽራዪቱ እናት ጋር ተቀያየሙ፤ ከተቀመጡበት ተነሥተው፥ ዘፈኑ ሳይቆም፥ በዘመድና በባዳ ፊት ሐብሉን ከልጅቱ አንገት ፈትተው ወሰዱ። የልጅቱ እጅ ባዶውን አንገት ሊሸፍን ሲሄድ በለጠች አየች። በሚቀጥለው የማኅበር ቀንም ተነሥታ፥ «የማንም ያልሆነ፥ የሁላችንም የሆነ አንድ ጌጥ እንግዛ፤ የምትዳር ልጅ ሁሉ እርሱን አድርጋ ትውጣ፤ ከእንግዲህ ማንም ከአንገቷ ላይ አይፍታባት» ብላ ተናገረች። ሴቶቹም ተስማምተው በርበሬያቸውን በአንድነት ሸጡ።

ጌጡን አስቀድማ የምታደርገው ደግሞ የራሷ የበለጠች ልጅ እስከዳር ነበረች፤ ለመጪው ጥር አዛናው ለሚባል የሽንዲ መምህር ታጭታለች። ይህ ለእናቲቱ ደስታም ሥጋትም ሆነባት፤ ጌጡ መልካም ቢሆን ለልጇ ስትል ደከመች ይባላል፤ መጥፎ ቢሆን ደግሞ የሚባለውን ታውቀዋለች።

ባለሱቁ ስመኘው ልብሱ የጸዳ፥ አንደበቱ የለሰለሰ ጎልማሳ ነበር። ወፍራም የወርቅ ሐብልና ጉትቻ ከመስተዋቱ አውጥቶ በጥቁር የከፋይ ጨርቅ ላይ ዘረጋላቸው፤ በአጠገቡም ቢጫ የእጅ ሰዓት አኖረ።

«ይኸውልዎ እናቴ፤ አሥራ ስምንት ካራት ነው። ከዚህ የተሻለ ቡሬ ውስጥ አያገኙም» አለ።

«ካራት ምንድን ነው?» አለች በለጠች።

«የወርቅነቱ መጠን ነዋ።»

«መጠኑስ ከስንት ነው? አሥራ ስምንት ብለህ ዝም አልህ እኮ። ከሃያ ነው? ከመቶ ነው?»

ስመኘው ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ተቋረጠ፤ እርሱም ጠይቆ አያውቅም ነበር። «እኔ እንኳ ከስንት እንደሆነ... ብቻ ማኅተሙን ይዩ፤ በመቆለፊያው ላይ ተመትቷል» አለ።

«ማኅተሙን የመታው ማነው?»

«ፋብሪካው።»

«ፋብሪካውን ታውቀዋለህ?»

በሱቁ ውስጥ የነበሩ ገበያተኞች ሣቁ። መሪጌታ ወልደ ዮሐንስም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አድርገው፥ «እኔ ስለ ወርቅ ስናገር ኖርሁ እንጂ ወርቅ ጨብጬ አላውቅም፤ በለጠች ልጄ፥ የሚያውቅ ሰው እንፈልግ» አሏት።

እርሷም ወደ ባለሱቁ ዞር ብላ፥ «አትቀየመኝ ወንድሜ። ገንዘቡ የብቻዬ ቢሆን ፊትህን አይቼ ከአንተ እገዛ ነበር፤ ነገር ግን የብዙ ሴቶች ላብ ነው። ነገ ፍኖተ ሰላም ወርቅ ሠሪ ዘንድ እንሄዳለን፤ አንተም ዕቃህን ይዘህ አብረኸን ና። እውነተኛ ከሆነ እዚያው ከአንተ እገዛለሁ» አለችው።

ስመኘው በገበያተኛው ሣቅ ተነክቶ ነበርና፥ «ለምን አልመጣም? ዕቃዬን አምነዋለሁ» አለ።

በማግሥቱ ሦስቱም በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ገቡ። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፥ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ሰዓት የሚጠግን ይርሳው የሚባል ሰው ነበር። በለጠች ለአማችዋ ሰዓት በራሷ ገንዘብ ልትገዛ አስባ ነበርና፥ የስመኘውን ቢጫ ሰዓት ይርሳው አየት እንዲያደርግላት ለመነችው። ይርሳው ማጉያውን በዓይኑ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ገለበጠው።

«በጀርባው ምን እንደተጻፈ ላንብብልዎት? ‘ጀርባው የማይዝግ ብረት’ ይላል።»

«መልካም ነዋ» አለ ስመኘው።

«መልካም ነው፤ ግን ጀርባው አለ እንጂ ሌላው አላለም። ስለ ፊቱና ስለ ጎኑ ዝም ብሏል። ይህ ጎኑ ርካሽ ብረት ሆኖ ላዩን በወርቅ ቀለም የነከሩት ነው። እዚህ፥ ማሰሪያው የሚገባበት ጥግ ላይ፥ ላብ ሲነካው ቶሎ ይገለጣል።»

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ እጅግ ተደሰቱ፤ ከበረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። «እንዲህ ያለውን አነጋገርማ እኔ አውቀዋለሁ! የተናገረው እውነት፥ ዝም ያለው ሌላ። እስቲ ጨምርልን ልጄ፤ ሌላስ በምን ትለየዋለህ?» አሉ።

ይርሳውም ደንበኛ ስላልነበረው በደስታ አስረዳቸው። በባትሪ የሚሄደው ሰዓት የሰከንድ ዘንጉ ቆም ቆም እያለ እንደሚራመድ፥ በውስጡ በሚጠመዘዝ ሞላ የሚሄደው ግን ሳያቋርጥ እንደሚንሸራተት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ አሳያቸው፤ ባትሪው ሰዓትን በትክክል በመቁጠር እንደሚበልጥ፥ ባለ ሞላው ግን ቢሰበር እንኳ ክፍሉ ተለውጦ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ነገራቸው። በመስተዋቱ ላይ በጥፍሩ ኳ ኳ አድርጎ፥ ፕላስቲኩ የደፈነ ድምፅ፥ ብርጭቆው የጠራ ድምፅ እንደሚሰጥ አሰማቸው። ውሃ አያስገባም ተብሎ የተጻፈበትም ቢሆን ዝናብን እንጂ ወንዝ መዋኘትን እንደማይችል፥ ይህን ባለማወቅ ብዙ ሰው በጥምቀት ዕለት ሰዓቱን እንደሚያበላሽ ሲናገር መሪጌታ ሣቁ፤ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ የገዛ ተማሪያቸው ነበር።

«ለአማቼ አንተ ብትሆን የትኛውን ትገዛለህ?» አለችው በለጠች።

«ሥራው ምንድን ነው?»

«መምህር ነው።»

«እንግዲያ ቢጫውን ይተዉት። ሁለንተናው የማይዝግ ብረት የሆነ፥ ፊቱ ላይ ቁጥሩ በግልጽ የሚነበብ፥ የባትሪ ሰዓት ይግዙለት። አያብለጨልጭም፤ ግን የሆነውን ነው የሚመስለው።»

ስመኘው ቢጫውን ሰዓት ወደ ኪሱ መለሰ።

ወርቅ ሠሪው ላቀው ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነበር። አባቶቹ ከማርትሬዛ ጠገራ ብር መስቀልና ድሪ እየሠሩ የአገሩን ቤተ ክርስቲያንና የአገሩን ሙሽራ ሁሉ ያስጌጡ፥ ነገር ግን እጀ ጥበብ በመሆናቸው «ዓይናቸው ይበላል» እየተባሉ ከሰው ማዕድ የራቁ ነበሩ። ዘመኑ ተለውጧል ቢባልም ስመኘው ከበሩ ላይ ቆመ፤ መሪጌታም፥ እውነቱን ለመናገር፥ ጥቂት ዘገዩ። በለጠች ግን መንገዱ አስጠምቷት ነበርና ገብታ ተቀመጠችና፥ «ውሃ አጠጣኝ በሞቴ» አለች። ላቀው በጣሳ ቀድቶ ሰጣት፤ ጠጥታ ስትጨርስ መሪጌታ ተቀብለው የተረፈውን ጠጡ፤ ገብተውም ከአጠገቧ ተቀመጡ። ስመኘውም ሁለቱን አይቶ ተከተለ።

ላቀው በዚያች ሰዓት ከሰም ትንሽ መስቀል እየቀረጸ ነበር። መሪጌታ ዓይናቸውን ከእጁ ላይ መንቀል አቃታቸው።

«ይህ ሰም ነው?» አሉ።

«አዎን የኔታ። ከቀረጽሁት በኋላ በጭቃ እሸፍነዋለሁ፤ በእሳት ሳግለው ሰሙ ቀልጦ በቀዳዳው ይወጣል፤ በቦታውም የቀለጠውን ወርቅ ወይም ብር አፈስስበታለሁ።»

«እኔ ከወጣትነቴ ጀምሮ ለተማሪ ሰምና ወርቅ እያልሁ አስተምራለሁ፤ ሰሙን ግን ዛሬ ገና አየሁት። ሰሙ እንግዲህ ምንም አይቀርለትም?»

«ሰሙ ይጠፋል የኔታ፤ ነገር ግን ሰሙ ላይ ያጠፋሁትን ወርቁ አያርመውም። እዚህ ጥፍሬ ቢጭረው፥ ጭረቱ በወርቁ ላይ ይወጣል። ስለዚህ እኛ የምንጨነቀው ለሰሙ ነው።»

መሪጌታ ይህን አልረሱትም፤ በኋላም በደረባ ሲያስተምሩ ሰሙን አቃለው የሚመጡ ተማሪዎችን ከቀድሞው ይልቅ ይቆጡ እንደነበር ይነገራል።

ከዚያ ላቀው ሐብሉንና ጉትቻውን ተቀበለ። በለጠች ጥያቄዋን አልረሳችም ነበር። «አሥራ ስምንት ከስንት ነው?» አለች።

«ከሃያ አራት ነው። ጥሩ ወርቅን ሃያ አራት እጅ አድርገሽ ቁጠሪው፤ እርሱ ግን ለስላሳ ነው፤ ለአንገት ሐብል ቢሠሩት ይለመጣል። ስለዚህ ስድስት እጅ ብርና መዳብ ይጨምሩበታል፤ ይጠነክራል። አሥራ ስምንት ማለት ማታለል አይደለም፤ እስከ ተናገሩት ድረስ።» ቀጥሎም ከመሳቢያ ጥቁር፥ ለስላሳ ድንጋይ አውጥቶ ሐብሉን ፈገፈገበት፤ በድንጋዩ ላይ ቢጫ መስመር ቀረ። በመስመሩ ላይ ከትንሽ ጠርሙስ አሲድ ጠብ አደረገ። «መዳብ ወይም ናስ ቢሆን ይህ መስመር አረንጓዴ ሆኖ ይጠፋል፤ ወርቅ ከሆነ ይቆያል» አላቸው።

አራቱም አጎንብሰው አዩ። መስመሩ አልጠፋም።

«አላልሁም?» አለ ስመኘው፤ ፊቱ በራ።

ላቀው ግን ሐብሉን በመዳፉ ላይ ከፍ ዝቅ አደረገው። «ቆይ ወንድሜ። ድንጋዩ የቀመሰው ቆዳውን ብቻ ነው። ወርቅ ከባድ ነው፤ ይህ ለውፍረቱ ቀለለብኝ። እርግጡን ለማወቅ ከመቆለፊያው አጠገብ፥ የማይታይ ቦታ ላይ በሞረድ ትንሽ መክፈት አለብኝ። ዕቃው ያንተ ነው፤ ከከፈትሁት ግን እንደነበረ አልመልሰውም። ምን ትላለህ?»

ስመኘው በላቀው መዳፍ ላይ ያለውን ሐብል ተመለከተ። ሐብሉ ሙሉ ወርቅ ከሆነ ጥቂት ይጎዳበታል፤ ካልሆነ ደግሞ ሳይሞረድ ቡሬ ይዞት ተመልሶ ለሌላ መሸጥ ይችላል፤ የሚያውቅበት የለም። ከውጭ ለበዓሉ መዝሙር የሚለማመዱ የተማሪ ቤት ልጆች ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ሞርደው» አለ በመጨረሻ።

ላቀው ሞረዱን ሁለት ሦስት ጊዜ መለስ ቀለስ አደረገው። ከቢጫው ሥር ቀይ ታየ። አሲዱን ሲያደርግበት ፈልቶ አረንጓዴ ሆነ፤ ሐብሉ ወርቅ የለበሰ መዳብ ነበር። ጉትቻውንም እንዲሁ ፈተነው፤ እርሱ ግን ከውስጥም ከውጭም እውነተኛ ወርቅ ሆኖ ተገኘ።

ስመኘው ወደ በለጠች ዞረ። «በእግዚአብሔር እምላለሁ፥ አላወቅሁም። ሁለቱንም ከአንድ ሰው እጅ አምኜ ነው የገዛኋቸው» አለ።

«አለማወቅህንማ ትናንት አይቻለሁ» አለችው በለጠች፤ በድምፅዋ ግን ቁጣ አልነበረበትም። «ማስሞረድህ ጨዋ ያሰኝሃል። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ እንዲህ ያለውን ሐብል ለሌላ ሰው ሸጠሃል?»

«አንድ ብቻ። አምና ነው። ለእናንተው አገር ሰው፥ ለወይዘሮ ሀብትነሽ።»

በለጠችና መሪጌታ ተያዩ። በደረባ ሰርግ ላይ ከልጅቱ አንገት የተፈታው ሐብል በሁለቱም ዓይን ፊት መጣ። በለጠች ከሁሉ አስቀድሞ የተሰማት ደስታ እንደነበረ ኋላ ለመሪጌታ አልደበቀችም፤ ነገር ግን እንደመጣ አለፈ። ስመኘውን፥ «ሄደህ ንገራቸው፤ የከፈሉህንም መልስላቸው» አለችው። እርሱም ቃል ገባ።

ሙሉ ወርቅ የሆነ ሐብል ለመግዛት የማኅበሩ ገንዘብ አይበቃም ነበር። ላቀው ምርጫውን አስረዳት፤ ከአባቱ የተረፈው ማርትሬዛ ከስድስት እጅ አምስቱ ጥሩ ብር ነው፤ ከእርሱ የአንገት ድሪና የእግር አልቦ ሊሠራላት ይችላል። «ብር ይጠቁራል፤ ሴቶቹም ያኔ ሐሰት ነው ይሉሻል። አየር ነው የሚያጠቁረው፤ በአመድና በሎሚ ሲታሽ ይመለሳል» ብሎ አስጠነቀቃት። በለጠች የስመኘውን ጉትቻ እውነተኛ ነውና ገዛችው፤ ድሪውንና አልቦውንም ለላቀው አዘዘች።

ክረምቱ ገባ። የሽንዲ መንገድ በጭቃ ተያዘ፤ ስመኘውም ወደ ደረባ አልመጣም። መንገዱ ይሁን ልቡ የከለከለው፥ ይህን ለመናገር አይቻልም።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ ማግሥት በለጠች ጌጡን ከፍኖተ ሰላም አምጥታ በደረባ ማርያም ቅጽር በዋርካው ሥር በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጋችው፤ የተረፈውንም ገንዘብ በማኅበሩ ሣጥን መለሰች። የብሩ ድሪ በሥራው እጅግ ያማረ ነበር። ሴቶቹ ግን ማጉረምረም ጀመሩ።

«ወርቅ ብለን ልከናት ብር ይዛ መጣች» አለች አንዲቱ።

«ብርማ እናቶቻችን ያደረጉት ነው፤ ሌላው አገር ወደ ፊት ሲሄድ እኛ ወደ ኋላ?» አለች ሌላዪቱ።

በለጠች ወርቁ ምን ሆኖ እንደተገኘ፥ የማንንም ስም ሳትጠራ አስረዳቻቸው። የሚያምንም የማያምንም ነበረ። በዚህ መካከል ወይዘሮ ሀብትነሽ ቤተ ክርስቲያን ስመው ሲወጡ ደረሱ፤ የማኅበሩ አባል አልነበሩም፤ ሐብላቸው ግን በአንገታቸው ላይ ነበር። ጌጡን ቁልቁል አይተው ሣቅ አሉ።

«ይህንን ለማምጣት ነው እስከ ፍኖተ ሰላም የሄድሽው? ወርቅማ እንዲህ ነው በለጠች፤ ካላየሽው እይው» ብለው ሐብላቸውን በጣታቸው ከፍ አደረጉት።

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከግንቡ አጠገብ ቆመው ነበር፤ የበለጠችን ከንፈር ተመለከቱ። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ በዚያች ሰዓት ይገለበጥ ነበር። እርሷ ግን ጎንበስ ብላ፥ «ያምርብዎታል» አለችና ጌጡን መጠቅለል ጀመረች።

ወደ ቤታቸው ሲሄዱ መሪጌታ፥ «ለምን ዝም አልሽ?» ብለው ጠየቋት።

«የኔታ፥ በሰው ፊት ከአንገት ላይ ጌጥ ሲነሣ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ሁለተኛውን እኔ ላደርገው አልሻም። ነገር ግን ሳልነግራቸውም አልቀርም።»

በሦስተኛው ቀን ብቻዋን ወደ ወይዘሮ ሀብትነሽ ቤት ሄደች። ወይዘሮዋ የደረቀ በርበሬ የሚቀነጥሱ ሴቶችን ይቆጣጠሩ ነበርና፥ «ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» አሏት።

«የምነግርዎት ለእርስዎ ብቻ ነው» አለች። ወደ ውስጥ ገቡ፤ በለጠችም በፍኖተ ሰላም የሆነውን ሁሉ፥ ሳትጨምርና ሳትቀንስ፥ ነገረቻቸው።

«ቅናት ነው ይህን የሚያናግርሽ!» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ ተነሥተው።

«ሊሆን ይችላል፤ እኔ ቀናተኛ ብሆንም መዳቡ ወርቅ አይሆንም። ከአንገትዎ በሚነካው በኩል፥ ላብ በሚይዘው ቦታ፥ አገላብጠው ይዩት። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ማንም አልሰማም፤ ከእኔም አፍ አይሰማም።»

ወይዘሮ ሀብትነሽ ሐብሉን ፈቱ። በመስኮቱ ብርሃን ከመቆለፊያው አጠገብ አገላብጠው አዩት፤ ቢጫው ተልጦ ጥቂት ቀይ ብቅ ብሎ ነበር፤ ምናልባትም ከዚያ በፊት አይተውት ቆሻሻ ነው ብለው አልፈውት ይሆናል። ጀርባቸውን ለበለጠች ሰጥተው ቆሙ። ቆይተውም፥ «ሂጂ» አሏት። ምስጋና አልተናገሩም፤ እርሷም አልጠበቀችም።

በጳጉሜን፥ የአዲሱ ሺህ ዓመት ዋዜማ ሊሆን ጥቂት ቀን ሲቀረው፥ የማኅበሩ ሴቶች እንደገና በዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አብዛኞቹ ድሪው ይሸጥና በለጠችም ከመሪነት ትውረድ የሚል አሳብ ይዘው ነበር። «ለልጇ ሰርግ ስትቸኩል ያገኘችውን ገዛች» የሚል ቃል ሲነገር እስከዳር ከእናቷ አጠገብ ቆማ ሰማች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ። በለጠች መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት፥ ከቅጽሩ በር በኩል ወይዘሮ ሀብትነሽ መጡ። አንገታቸው ባዶ ነበር።

«እኔን የሚያገባኝ አይደለም፤ የማኅበራችሁ አባል አይደለሁም» አሉ ቆመው። «ነገር ግን ሞኝ አትሁኑ። በዚህ አገር ገንዘቧን ከመስጠቷ በፊት የምትገዛውን የምታውቅ ሴት አንዲት ናት፤ እርሷንም ልታወርዱ ነው። ያንን ብር ማጠብ ካቃታችሁ ለእኔ ስጡኝ፤ እኔ እገዛዋለሁ።»

ይህን ብለው ተመልሰው ሄዱ። ኩሩዋ ሴት ለምን እንዲህ እንዳሉ፥ ሐብላቸውስ የት እንደደረሰ ከሁለት ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ መሪጌታም ሰማዩን ያዩ ጀመር። ወይዘሮ ሀብትነሽ ሊገዙት የፈለጉት ጌጥ መጥፎ ሊሆን አይችልም ብለው ያሰቡት ሴቶች ግን አንዱን አልቦ አንሥተው በእጃቸው መመዘን ጀመሩ። «ከብዷል እኮ» አለች አንዲቱ። «ማኅተም አለበት?» አለች ሌላዪቱ። «ይጠቁራል አሉ፤ ለምንድን ነው የሚጠቁረው?» አለች ሦስተኛዪቱ። በለጠች ተቀምጣ ለእያንዳንዷ መለሰች፤ ጥያቄው እስከ ሠርክ ጸሎት አላለቀም፤ ከመሪነት ትውረድ የሚለውም ነገር በዚያው ተረሳ።

ስመኘው በኋላ ለወይዘሮ ሀብትነሽ ገንዘባቸውን መልሷል፤ ይህ የሆነው ግን እርሳቸው ራሳቸው ቡሬ ወርደው በሱቁ ከቆሙ በኋላ ነው። ሱቁን አልዘጋም፤ በጠረጴዛው ላይ ጥቁር ድንጋይ አኖረ።

በጥር ሁለት ሺህ ዓ.ም. እስከዳር የማኅበሩን ጌጥ አድርጋ ተዳረች፤ አዛናውም የማይዝግ ብረት ሰዓቱን በእጁ አስሮ ቆመ። ላቀው ለሰርጉ ተጠርቶ ነበር፤ በዳሱ ውስጥ በመሪጌታ ወልደ ዮሐንስ አጠገብ ሲቀመጥ አንዳንድ እንግዶች ተነሥተው ወደ ሌላ ማዕድ ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ግን ቀሩ። መሪጌታ ስለሄዱት ምንም አልተናገሩም፤ ለቀሩት ግን ስለ ሰሙና ስለ ጭቃው እስኪጠግቡ ድረስ አወሩላቸው።

የዚያ ዘመን መዛግብት ስለ አዲሱ ሺህ ዓመት ብዙ ጽፈዋል፤ የተተከለውን ችግኝ፥ የተለኮሰውን ችቦ፥ የተደረገውን ንግግር ሁሉ አኑረዋል። ስለ ደረባ ማርያም ሴቶች ግን የተጻፈ ነገር የለም። የበርበሬው ዋጋ በቀጣዮቹ ዓመታት ወጣ ወረደ፤ መሪጌታ ዐረፉ፤ ላቀውም ልጆቹ ሙያውን ትተው ወደ ከተማ ሥራ ስለሄዱ ሳይተካ ዐረፈ። በለጠች ግን ለእርጅና በቃች፤ በስተርጅናዋም በገበያ ቁጭ ብላ፥ አንዲት የማታውቃት ወጣት የሻጩን ቀለበት ወደ ብርሃን አንሥታ፥ «ይህ አሥራ ስምንት የምትለው ከስንት ነው?» ስትል ሰማች። ያን ጥያቄ ከማን እንደተማረች ወጣቲቱ አታውቅም ነበር፤ በለጠችም ልትነግራት አልተነሣችም፤ ሻጩ የሚመልሰውን ለመስማት ብቻ ጆሮዋን ጣል አደረገች።